ጆርጂያ ውስጥ ዘመድ ሲሞት፦ ኑዛዜና ውርስን በፕሮቤት ፍርድ ቤት ለመጨረስ ዝርዝር መመሪያ

ይህን የምጽፈው በአሜሪካ ጆርጂያ ግዛት ክላርክስተን፣ ዲኬተርና ስቶን ማውንቴን አካባቢ ያለው ወገናችን በዚህ ጉዳይ ደጋግሞ ሲቸገር ስላየሁ ነው። አባት ወይም እናት ይሞታሉ። ሰልስቱ ይወጣል፣ ለቀስተኛው ይበተናል፣ ከዚያ ልጆቹ ቅጽ አውርደው፣ ሞልተው ያስገባሉ። ከሳምንታት በኋላ ወረቀቱ ይመለሳል። ያስተካክሉታል፤ አሁንም ይመለሳል። እስከዚያ ሞርጌጁ ይከማቻል፣ ባንኩ አካውንቱን ዘግቷል፣ ወንድምና እህት መኮራረፍ ይጀምራሉ።

ጆርጂያ ውስጥ 159 ካውንቲዎች አሉ፤ እያንዳንዱ የራሱ ፕሮቤት ፍርድ ቤት (የኑዛዜና የውርስ ጉዳይ የሚያይ) አለው። ቅጾቹ ግን በመላ ግዛቱ አንድ ናቸው። ቅደም ተከተሉን ከያዛችሁ አብዛኛው ቤተሰብ ሊወጣው የሚችል ነገር ነው።

ከሁሉም በፊት፦ እጃችሁን ሰብስቡ

የሟቹን ገንዘብ አትንኩ። "እኔ እኮ የአባቴ ውክልና አለኝ" የሚል ልጅ ሁሌም አይጠፋም። ውክልና ሰጪው ሲሞት አብሮ ይሞታል። ከዚያ በኋላ በውክልናው ቼክ መፈረም፣ በካርዱ ከኤቲኤም ማውጣት፣ መኪናውን መሸጥ፣ ሁሉም ከወራሾች ጋር ያጣላል፣ ዳኛ ፊትም ያስጠይቃል።

ለቀብር ገንዘብ ካስፈለገ ከራሳችሁ ወይም ከእድሩ ክፈሉና ደረሰኙን ያዙ። የቀብር ወጪ ከውርሱ ቀድመው ከሚከፈሉት አንዱ ነው። አስከሬኑ ወደ አገር ቤት ከተላከ የዚያም ደረሰኝ አብሮ ይቀመጥ።

ሶሻል ሴኩሪቲ ለሞቱበት ወር ክፍያ ካስገባ መልሶ ይወስደዋል። ያንን ብር እንዳለ ተዉት።

በመጀመሪያው ሳምንት እነዚህን አድርጉ፦

1. የሞት ሰርተፍኬት በዛ አድርጋችሁ እዘዙ። ጆርጂያ ውስጥ የመጀመሪያው ቅጂ 25 ዶላር ነው፤ አብሮ የሚታዘዘው እያንዳንዱ ተጨማሪ 5 ዶላር ብቻ። ባንኩም፣ ኢንሹራንሱም፣ ፍርድ ቤቱም ማኅተም ያለበትን ይፈልጋሉ። ስምንት ወይም አስር ውሰዱ።
2. ቤቱ ባዶ ከሆነ ቁልፉን ቀይሩ፣ የቤት ኢንሹራንሱንም ደውላችሁ አሳውቁ። ብዙ ውሎች ቤቱ 30 ወይም 60 ቀን ባዶ ከቆየ ሽፋኑን ይቀንሳሉ።
3. ፖስታ ሳጥኑን በየቀኑ እዩ። ዕዳውም ንብረቱም የሚታወቀው እዚያ ከሚመጣው ደብዳቤ ነው።

1. ትክክለኛውን ካውንቲ ለዩ

ጉዳዩ የሚታየው ሟቹ ሲኖሩበት በነበረው ካውንቲ ነው፤ ሆስፒታሉ ባለበት ካውንቲ አይደለም። ልጁ በሚኖርበትም አይደለም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው አድራሻውን በማመን ነው። ፖስታው ላይ "አትላንታ" ስለተባለ ፉልተን ካውንቲ ይሄዳሉ። አትላንታ ከተማ ግን ፉልተንም ዲካልብም ውስጥ ናት፤ ከከተማዋ ውጭ ሆነው በፖስታ "አትላንታ" የሚባሉ የዲካልብ ሰፈሮችም ብዙ ናቸው። "ስቶን ማውንቴን" የሚል አድራሻ ደግሞ ዲካልብም ግዊኔትም ሊሆን ይችላል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ የቤቱን የንብረት ግብር ደረሰኝ አውጡና ራስጌው ላይ የተጻፈውን ካውንቲ አንብቡ። የዲካልብ ፍርድ ቤት ዲኬተር ነው፣ የፉልተን አትላንታ መሃል ከተማ፣ የግዊኔት ሎረንስቪል፣ የኮብ ማሪዬታ።

ሟቹ ነርሲንግ ሆም ውስጥ ከነበሩ ከማስገባታችሁ በፊት ክለርኩን ጠይቁ። ለሕክምና ብለው ለጊዜው የገቡ ሰው መኖሪያቸው የድሮው ቤታቸው ሊሆን ይችላል።

2. ወረቀቶቹን ሁለት ቦታ ክፈሉ

ጠረጴዛ ላይ ዘርጓቸው። አንደኛው ክምር ፍርድ ቤት የማያስፈልገው ነው፦ ወራሹ በስም የተጻፈበት የሕይወት ኢንሹራንስና የጡረታ አካውንት፣ "ስሞት ለእገሌ ይከፈል" የተባለ የባንክ አካውንት። እነዚህ ሰርተፍኬቱን ይዞ ለሚመጣው ባለ ስም በቀጥታ ይከፈላሉ። ኑዛዜው ሌላ ቢልም የሚሠራው እዚያ የተጻፈው ስም ነው። ከድሮ ትዳር የቀረ ስም አለመኖሩን እዩ።

ሁለተኛው ክምር በሟቹ ስም ብቻ ያለው ነው። ፍርድ ቤት የሚያስፈልገው ይሄ ነው።

ቤቱ የት እንደሚገባ የሚወስነው ዲዱ (የቤቱ የባለቤትነት ሰነድ) ነው። የባልና የሚስት ስም ስላለበት ብቻ በሕይወት ላለው ያልፋል ብላችሁ አታስቡ። ጆርጂያ ውስጥ ዲዱ "በሕይወት ለቀረው ይተላለፋል" የሚል ሐረግ በግልጽ ከሌለው የሟቹ ግማሽ ወደ ውርስ ይገባል። ዲዱን ከካውንቲው ሱፐሪየር ኮርት ክለርክ ቅጂ አውጥታችሁ ቃል በቃል አንብቡት። ከጁላይ 2024 ጀምሮ (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ደግሞ ሰው በሕይወት ሳለ "ስሞት ለእገሌ ይለፍ" የሚል ዲድ ማስመዝገብ ይችላል፤ እንደዚህ ያለ መኖር አለመኖሩንም እዚያው ጠይቁ።

ዕቁብን አትርሱ። ሟቹ ገና ያልደረሳቸው ዕጣ ካለ የከፈሉት ገንዘብ የውርሱ ሀብት ነው። ቀድመው ወስደው ከነበረ ደግሞ ቀሪው ዕዳ ነው። ከሰብሳቢው ጋር ተነጋገሩና ቁጥሩን በጽሑፍ ያዙ።

3. ኑዛዜውን እንደ እንቁላል ያዙት

ዋናውን ፈልጉ። ፎቶ ኮፒ አይበቃም። ዋናው ሟቹ እጅ ነበረና አሁን ከጠፋ ሕጉ "ራሳቸው ቀደውት ይሆናል" ብሎ ይነሳል፤ ያንን በማስረጃ ማፍረስ የእናንተ ሸክም ይሆናል። ፍራሹን፣ መጽሐፍ ቅዱሱን፣ የባንክ ሳጥኑን ሁሉ ፈትሹ። ኑዛዜውን ያዘጋጀ ጠበቃ ካለ ደውሉለት፣ ብዙዎች ዋናውን ራሳቸው ጋ ያስቀምጣሉ።

ስቴፕሉን አትንቀሉ። በአንድ ቤተሰብ ያየሁት ነው፤ ትልቋ ልጅ ኮፒ ለማድረግ ብላ ስቴፕሉን ነቀለች፣ ከዚያ መልሳ መታችው። ጥግ ላይ አራት ትንንሽ ቀዳዳ ቀረ። ክለርኳ ወረቀቱን ወደ መብራቱ ከፍ አድርጋ አየችና "ገጽ ተቀይሯል?" ብላ ጠየቀች። ምንም አልተቀየረም፤ ግን ይህንኑ የሚገልጽ ቃለ መሐላ አዘጋጅታ ኖተሪ ፊት ፈርማ መምጣት ነበረባት። ኮፒ ከፈለጋችሁ ሳትነቅሉ ገጹን እየገለጣችሁ በስልክ ፎቶ አንሱ። ላዩ ላይ ምንም አትጻፉበት።

ኑዛዜ እጁ ላይ ያለ ሰው ሳይዘገይ ለፍርድ ቤቱ የማስረከብ ግዴታ አለበት፤ የተጻፈውን አልወደድኩትም ብሎ መሳቢያ ውስጥ ማቆየት አይችልም። አቤቱታውን በኢንተርኔት ብታስገቡም ዋናው ኑዛዜ በአካል ወይም በፖስታ መድረስ አለበት። በፖስታ ከሆነ ፈርሞ የሚቀበል ሰው በሚያስፈልገው መንገድ ላኩ።

አሁን ዋና ጥያቄው፦ ኑዛዜው ይጸናል? በጆርጂያ ሕግ በጽሑፍ መሆን፣ በተናዛዡ መፈረምና ቢያንስ ሁለት ምስክሮች ተናዛዡ ባሉበት ሊፈርሙበት ይገባል። የእኛን አባቶች የሚጥላቸው ይሄ ነው። በኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሰው በገዛ እጁ ጽፎ፣ ቀን አስገብቶ የፈረመው ኑዛዜ ያለ ምስክር ሊጸና ይችላል። ጆርጂያ ውስጥ ግን ምስክር የሌለው የእጅ ጽሑፍ ምንም ያህል ልብ የሚነካ ቢሆን አይጸናም። እንዲህ ያለ ወረቀት ብቻ ካላችሁ ለፍርድ ቤቱ አሳዩትና ኑዛዜ እንደሌለ ሆኖ ለሚሄደው መንገድ ተዘጋጁ።

ሌሎች ሁለት ነገሮች አሉ። ምስክር የሆነው ሰው ራሱ ውርስ የተተወለት ከሆነና ከእሱ ሌላ ሁለት ምስክሮች ከሌሉ ኑዛዜው ይጸናል፣ የእሱ ድርሻ ግን ይቀራል። ኑዛዜው በአማርኛ ከተጻፈ ደግሞ ከተርጓሚው ቃለ መሐላ ጋር ወደ እንግሊዝኛ አስተርጉሙት፤ ተርጓሚው ወራሽ አይሁን።

መጨረሻው ገጽ ላይ የኖተሪ ማኅተም ያለበት የምስክሮች ቃለ መሐላ ከተያያዘ እድለኞች ናችሁ፣ ምስክሮቹን መፈለግ አያስፈልግም። ከሌለ ምስክሮቹን አግኝታችሁ ማስፈረም አለባችሁ። ዛሬውኑ መፈለግ ጀምሩ፤ ሰው ስቴት ይቀይራል፣ ያረጃል።

4. ወራሾችን አንድ ሳይቀር ዘርዝሩ

አቤቱታ ከሚመለስባቸው ምክንያቶች ዋናው ይሄ ነው። ኑዛዜው ሁሉንም ለአንድ ልጅ ቢሰጥም ፍርድ ቤቱ በሕግ ወራሽ የሚባሉትን በሙሉ ማወቅ ይፈልጋል። "ኑዛዜው ላይ ስሟ የለም ብዬ ተውኳት" መልስ አይሆንም።

በጆርጂያ ሕግ ሚስት ወይም ባልና ልጆች ካሉ ወራሾቹ እነሱ ናቸው። እኩል ይካፈላሉ፤ የትዳር ጓደኛ ድርሻ ግን ከአንድ ሦስተኛ አያንስም። ስለዚህ ሚስትና አራት ልጆች ካሉ እሷ ሲሶውን ትወስዳለች፣ ቀሪው ለአራቱ ይካፈላል። ቀድሞ የሞተ ልጅ ካለ ልጆቹ በእሱ ቦታ ይገባሉ። ልጅ ከሌለ ሁሉም ለትዳር ጓደኛ ነው። ሁለቱም ከሌሉ ወላጆች፣ ከዚያ ወንድምና እህት።

በተለይ እነዚህን ተጠንቀቁ፦

- አገር ቤት የቀሩ ልጆች፣ ከትዳር ውጭ የተወለዱም ጭምር። ሰው ያፍርባቸዋል፣ ይደብቃቸዋል። አትደብቁ። በኋላ ብቅ ካሉ ያለቀው ጉዳይ ሊፈርስ ይችላል።
- በሕግ ያልጸደቀ የእንጀራ ልጅ ወራሽ አይደለም፣ ቤት ውስጥ ያደገ ቢሆንም። በሕግ የጸደቀ ጉዲፈቻ ግን እንደ ማንኛውም ልጅ ነው።
- አብሮ መኖር ትዳር አይደለም። ጆርጂያ ከጃንዋሪ 1፣ 1997 ወዲህ አብረው በመኖር ብቻ የተመሠረተ ጋብቻን አትቀበልም። ጋብቻው አገር ቤት የተፈጸመ ከሆነ የጋብቻ ወረቀቱን ከትርጉሙ ጋር አዘጋጁ።

ስም ላይ ጊዜ ስጡ። ክለርኩ አራት ልጆችና ሚስት በአምስት ዓይነት የመጨረሻ ስም ተጽፈው ሲያይ ግራ ይገባዋል። "ወልደ ማርያም" አንዱ ወረቀት ላይ አንድ ቃል፣ ሌላው ላይ ሁለት ነው። የሟቹ ስም በዲዱ፣ በባንኩና በሰርተፍኬቱ ከተለያየ ሁሉንም "በዚህም ስም ይታወቃል" ብላችሁ አቤቱታው ላይ አስገቡ። የአገር ቤት ወረቀት ላይ ያለውን ቀን ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ስትቀይሩ ተርጓሚው ሁለቱንም እንዲጽፍ አድርጉ። በስደት የመጡ ብዙ ሰዎች የልደት ቀናቸው በጃንዋሪ 1 ስለተመዘገበ ትክክለኛውን ቀን ራሳችሁ "አታርሙ"፤ የአሜሪካ ሰነዶቻቸው ላይ ያለውን ተጠቀሙ።

5. አቤቱታውን ምረጡ

ኑዛዜ ካለ ሁለት መንገድ አለ። "ኮመን ፎርም" ለወራሾች ሳያሳውቁ በፍጥነት የሚሄድ ነው፣ ግን እስከ አራት ዓመት ድረስ ሊፈርስ ይችላል። "ሶለም ፎርም"፣ ቅጽ ቁጥር 5፣ ሁሉም ወራሾች ተነግሯቸው የሚሄድ ነው፤ ሲጸድቅ ይጸናል። ቤት መሸጥ የምታስቡ ከሆነ ሶለም ፎርምን ምረጡ። በአራት ዓመት ውስጥ ሊነሳ የሚችል ክርክር ያለበትን ቤት የሚገዛ ሰው ማግኘት ያስቸግራል።

ኑዛዜ ከሌለ ቅጽ ቁጥር 3 ነው፤ አስተዳዳሪ እንዲሾም መጠየቂያ። ወራሾች በሙሉ በአንድ ሰው ከተስማሙ ነገሩ ይቀላል።

ኑዛዜ ከሌለ፣ ወራሾች ሁሉ በአከፋፈሉ ከተስማሙና ዕዳ ከሌለ ወይም አበዳሪዎች ከፈቀዱ፣ ቅጽ ቁጥር 9 አስተዳዳሪ ሳይሾም ይጨርስላችኋል። ማስጠንቀቂያ፦ ይህ መንገድ ማንንም አይሾምም። ከባንክ ጋር የሚከራከር ወይም በሟቹ ስም የሚከስ ሰው ከፈለጋችሁ አይሆናችሁም።

ሚስት ወይም ባል፣ ወይም ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆች ካሉ ቅጽ ቁጥር 10ን ሳታዩ አትለፉ። ለአንድ ዓመት መተዳደሪያ ከውርሱ እንዲለይላቸው የሚጠየቅበት ነው፤ ከአበዳሪዎች ይቀድማል። የክሬዲት ካርድ ዕዳ በበዛበት ቤት መበለቲቱን የሚያድናት ብዙ ጊዜ ይሄ ነው። ከሞቱ ቀን ጀምሮ በ24 ወር ውስጥ ካልተጠየቀ ይቀራል።

6. ወራሾችን አስፈርሙ

ወራሾች አቤቱታው እንደደረሳቸው ኖተሪ ወይም ክለርክ ፊት ከፈረሙ ጉዳዩ ይፈጥናል። እዚህ ላይ ብዙ ኩርፊያ አለ። እህት "ፈርሚ" ስትባል "ልትክዱኝ ነው" ትላለች። እውነት አላት፣ ያላነበበችውን መፈረም የለባትም። ወረቀቱን ላኩላትና አብራችሁ በስልክ አንብቡት። ፊርማው የሚለው "ደርሶኛል፣ አልቃወምም" ነው፤ "ድርሻዬን ትቻለሁ" አይልም። ቦንድ (አስተዳዳሪው ቢያጠፋ ወራሾችን የሚክስ ዋስትና) እና ሪፖርት ይቅር የሚል መስመር ካለበት ግን ያንንም እየፈቀደች መሆኑን በግልጽ ንገሯት።

አዲስ አበባ ያለ ወራሽ የአሜሪካ ኤምባሲ ቀጠሮ ይዞ ኖተሪ ፊት መፈረም ይችላል፤ ለእያንዳንዱ ማኅተም 50 ዶላር ነው። አስቀድሞ ቤቱ እንዳይፈርም፤ መፈረም ያለበት እዚያው ባለሥልጣኑ ፊት ነው።

አንዱ እምቢ ካለ አትጨነቁ። ፍርድ ቤቱ በደንቡ መጥሪያ ያደርሰዋል፤ በተጻፈው ቀን ካልተቃወመ ጉዳዩ ይቀጥላል። አድራሻው ጨርሶ የማይታወቅ ከሆነ በጋዜጣ ይወጣል፣ ግን በደንብ መፈለጋችሁን ታስረዳላችሁ። የደወላችሁባቸውን ቀኖችና የጻፋችኋቸውን መልእክቶች ያዙ። ወራሹ ልጅ ከሆነ ፍርድ ቤቱ ጠባቂ ይሾምለታል፤ እናቱ በእሱ ስም ስለፈረመች ብቻ አያልቅም።

7. ሌተርስ ሲወጣ

መሐላ ትፈጽማላችሁ፣ ከዚያ የሹመት ወረቀቱ ይሰጣችኋል። ኑዛዜ ላለው "ሌተርስ ቴስታመንታሪ"፣ ለሌለው "ሌተርስ ኦፍ አድሚኒስትሬሽን" ይባላል። ማኅተም ያለባቸው ብዙ ቅጂዎች ግዙ፤ ባንኮች የቆየ ቅጂ አንቀበልም ይላሉ።

ኑዛዜ ከሌለ ቦንድ ሊጠየቅ ይችላል። የተጎዳ ክሬዲት ያለው ሰው ቦንድ ማግኘት ይከብደዋል። ወራሾች ሁሉ ይቅር ካሉ ግን ሊነሳ ይችላል፤ ይህን ከመጀመሪያው አቤቱታው ላይ ጠይቁ።

ከዚያ በዚህ ቅደም ተከተል ሂዱ፦

1. ከአይአርኤስ (ከፌዴራል ግብር መሥሪያ ቤቱ) ለውርሱ የራሱን የግብር ቁጥር አውጡ። የሟቹን የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር አትጠቀሙ።
2. በዚያ ቁጥር የውርስ አካውንት ክፈቱ። የሚገባውም የሚወጣውም በዚያ ብቻ ይሁን። ከራሳችሁ ገንዘብ ጋር አንድ ዶላር አትቀላቅሉ።
3. በ60 ቀን ውስጥ ለአበዳሪዎች ማስታወቂያ በካውንቲው ሕጋዊ ጋዜጣ አውጡ፤ በሳምንት አንዴ ለአራት ሳምንት። አበዳሪዎች ከመጨረሻው እትም ጀምሮ ሦስት ወር አላቸው።
4. ግዴታው ካልተነሳላችሁ በስተቀር በስድስት ወር ውስጥ የንብረት ዝርዝር አስገቡ።

የቤቱን ሞርጌጅ መክፈል አታቁሙ። በ1982 በወጣው የፌዴራል ሕግ መሠረት ቤቱን ወርሶ የሚኖርበት ዘመድ በነበረው ብድር መቀጠል ይችላል፤ ባንኩ ሰው ስለሞተ ብቻ ሙሉውን አሁን ክፈሉ ማለት አይችልም። ስልክ የሚያነሳው ሠራተኛ ይህን ላያውቅ ይችላል፤ በጽሑፍ ጠይቁ።

8. ዕዳ፦ በተራው እንጂ በጩኸቱ አትክፈሉ

ዕዳ ሰብሳቢ ይደውላል፣ ያስፈራራል፣ "አንተ ልጁ ነህ" ይላል። ልጅ የአባቱን ክሬዲት ካርድ ከኪሱ የመክፈል ግዴታ የለበትም፣ አብሮ ካልፈረመ። ጥያቄያቸውን በጽሑፍ ይላኩ በሏቸው።

ተራው ይህ ነው፦ መጀመሪያ የቤተሰቡ የዓመት መተዳደሪያ፣ ቀጥሎ ቀብር፣ የማስተዳደሪያ ወጪ፣ የመጨረሻው ሕመም ሕክምና፣ ግብር፣ ከዚያ ፍርድና መያዣ ያለበት ዕዳ፣ በመጨረሻ የቀረው ሁሉ። ክሬዲት ካርዱን ቀድማችሁ ከፍላችሁ ለግብር ካነሰ ልዩነቱን ከራሳችሁ ልትጠየቁ ትችላላችሁ። ገንዘቡ ለሁሉም የማይበቃ ከመሰላችሁ ምንም ሳትከፍሉ ጠበቃ አማክሩ።

የሟቹን የመጨረሻ ዓመት ግብር አስገቡ። ውርሱ ራሱ በዓመት 600 ዶላርና ከዚያ በላይ ገቢ ካገኘ፣ ለምሳሌ ቤቱ ከተከራየ፣ የራሱ የግብር ቅጽ 1041 አለው። የጆርጂያ የውርስ ግብር ግን ከጁላይ 2014 ጀምሮ ተነስቷል።

9. ማካፈልና መዝጋት

የአበዳሪዎቹ ጊዜ ሳያልፍ አታካፍሉ። ወራሽ ቢለምንም፣ አዲስ አበባ ያለው ወንድም ቤት ሊገዛ ነው ቢባልም።

ቤት ለመሸጥ ኑዛዜው ሥልጣን ሰጥቷችሁ እንደሆነ እዩ። ካልሰጠ፣ ወይም ወራሾች ሁሉ ያን ሥልጣን ካልፈቀዱላችሁ፣ መጀመሪያ ፍርድ ቤቱን አስፈቅዱ። ቤቱ በኑዛዜ ለሰው ከተተወ ዲድ ጽፋችሁ አስመዝግቡለት፤ ኑዛዜው መጽደቁ ብቻውን የወራሹን ስም መዝገቡ ላይ አያወጣም። ይህን ሳያደርጉ ዓመታት አልፈው፣ ቤቱ አሁንም በሟች አባት ስም ሆኖ፣ ሪፋይናንስ ሲጠይቁ የሚደነግጡ ቤተሰቦች አሉ።

እያንዳንዱ ወራሽ ድርሻውን ሲቀበል ደረሰኝ ይፈርም። ሁሉም ካለቀ በኋላ ከኃላፊነት እንዲያሰናብታችሁ ፍርድ ቤቱን በአቤቱታ ጠይቁ። ብዙ ሰው ይህን ይተዋል፤ መዝገቡ ክፍት ይቀራል፣ እሱም ተጠያቂ ሆኖ ይቀራል።

አገር ቤት ያለው ቤት

ቦሌ ያለውን ቤት በጆርጂያ ሌተርስ መሸጥ አይቻልም። ለዚያ ኢትዮጵያ ውስጥ ካለ ፍርድ ቤት የወራሽነት ማረጋገጫ ማውጣት ያስፈልጋል። ከዚህ የምትልኩት የሞት ሰርተፍኬቱን፣ የዝምድና ማስረጃዎችንና በኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ በኩል ለምታምኑት ዘመድ የተሰጠ ውክልና ነው። ይህኛው ውክልና የእናንተ እንጂ የሟቹ አይደለም፤ አባታችሁ በሕይወት ሳሉ ለአጎታችሁ የሰጡት የድሮው ወረቀት አብቅቷልና አጎትየው በእሱ ምንም እንዳይፈርሙ አሁኑኑ ደውላችሁ ንገሯቸው።